እግር ከመሬት ሳይለቅ

የቴሌቪዥኑን ልብስ የሰፋው ራሱ አሳምነው ነበር። ከሱቁ ከተረፈ ሰማያዊ ሳቲን ቆርጦ፣ ጠርዙን በነጭ ዳንቴል ከብቦ፣ «ይኸው፣ አንተ ስትተኛ እሱም ይልበስ» ብሎ ለባህሩ ከሰጠው ዓመታት አልፈዋል። ባህሩ አንድም ቀን አልብሶት አያውቅም። «ዓይኑን የሸፈኑት ምን ያሳየኛል?» እያለ አጣጥፎ ከመደርደሪያው ሥር ወትፎት ኖሯል። ዛሬ ግን፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የባህሩ ትንፋሽ ስትቆም፣ ልጁ ሁዳ ልብሱን ከተወተፈበት ፈልጋ አወጣችና ቴሌቪዥኑን አለበሰችው። ሬሳ ባረፈበት ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ወጉ ነው።

አሳምነው ከሳሎኑ በር ላይ ቆሞ የገዛ እጁን ስፌት ያያል። ከዳንቴሉ ሥር አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብቅ ብላ ትታየዋለች። መብራት አለ ማለት ነው። ጉም በወረደ ቁጥር ሲጠፋ የከረመው የመካነ ሰላም መብራት፣ ዛሬ ሳይጠሩት መጥቷል።

«ዛሬ ደግሞ!» አለ በሆዱ።

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ከባሕር ማዶ ባለች ከተማ፣ ልጁ ዝናሽ በኦሎምፒክ ትራመዳለች። ትሮጣለች አይደለም፤ ትራመዳለች። ለመንደሩ ሰው ይህን ማስረዳት ነው አሳምነውን እስከ ዛሬ ያቃተው።

ከጓሮ በኩል የውኃ ድምፅ ይሰማል። ባህሩን እያጠቡት ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ሙሐመድአሚን ከሱቁ ያመጣውን ነጭ ጨርቅ በረንዳው ላይ ዘርግቶ ይቀድዳል። አሳምነው ሳያስበው ወደ እሱ ተጠጋ። ሜትሩ እንደ ሁልጊዜው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጠዋት ጩኸቱን ሰምቶ ሲወጣ መቼ እንዳጠለቀው እንኳ አያስታውስም።

«ልርዳህ፣ ሙሐመድአሚን።»

«ከፈን አይሰፋም፣ አያ አሳምነው» አለ ሙሐመድአሚን ቀና ሳይል፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ተጠቅልሎ ይታሰራል እንጂ መርፌ አይነካውም።»

መቼ ጠፋው! ስንቱ ሰው ከባህሩ ሱቅ ከፈን ሲገዛ አይቷል። የስፌት መኪናው ያለችው በዚያው በባህሩ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባህሩ ጨርቁን ይሸጣል፣ አሳምነው ይሰፋል፤ ሁለቱም በዚያች በረንዳ ላይ ሸብተዋል። የባህሩን ጀለቢያ ሁሉ ሲሰፋ የኖረ እጅ ነው እንግዲህ፣ ለመጨረሻው ልብስ ሥራ ያጣው። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ባህሩ በወጣትነቱ ጅዳ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚያ ያመጣው ሀብት ዓረብኛው ነበር። ዲሹን ወደ ዓረቦቹ ሳተላይት አዙሮ፣ ሱቁን ሲዘጋ አሳምነውን ይጠራዋል፤ «ና፣ ሰው የማያየውን እንይ!» ይለዋል። ያ የዓረብ ጣቢያ የማያሳየው ነገር አልነበረም። ጀልባ የሚቀዝፉትን፣ ቀስት የሚወረውሩትን፣ ብረት የሚያነሱትን ሁሉ አይተዋል። አንድ ጊዜ ፈረስ የሚያስጨፍሩ ሰዎች ቀረቡ። ጉግስ የለ፣ ግልቢያ የለ፤ ፈረሱ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ አንድ እግሩን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ባህሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወላሂ አሳምነው፣ ይኸ ፈረስ እዚህ ቦረናችን ቢመጣ በሐፍረት ይሞታል!» አለ። ግን እስከ መጨረሻው አየው። የመጨረሻው ፈረስ ጨፍሮ ሳይወጣ አልተነሳም።

ወጋቸው እንዲህ ነበር። ያሸነፈውንማ ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ የመጨረሻው ሳይገባ ከፍራሽ መነሳት የለም። ካሜራው ግን የእነሱን ወግ አያውቅም። ወርቁና ብሩ ከታወቀ በኋላ ሌላ ሜዳ ይሄዳል። ያን ጊዜ ባህሩ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ይቀስራል፤ «ወደኋላ አዙረው እስቲ አንተ ሰው! ገና የሚመጡ አሉ!»

ዝናሽ በሩጫው አልሆነላትም። ደሴ ላይ አሠልጣኟ አይቷት ወደ እርምጃ ውድድሩ አዞራት። ለእረፍት ስትመጣ እዚያችው የሱቁ በረንዳ ላይ ለሁለቱ ሽማግሌዎች አሳየቻቸው፤ የፊተኛው እግር መሬት ሳይዝ የኋለኛው አይለቅም፣ ጉልበት ይቀናል፣ ወገብ ይዞራል። ዳኞች በመንገዱ ዳር ቆመው እግር እግር ያያሉ። ሁለቱም እግር አየር ላይ ከተገኘ ቀይ ይጻፋል፤ ቀዩ ሲደራረብ ከመንገድ ያስወጣል። ጎረቤቱ የፕላስቲክ ጫማ ሻጩ ይሄነው ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም።

«ለእግር መንገድ ሜዳልያ ካለማ፣ አቀስታ ገበያ ደርሶ የሚመለስ አህያ ሁሉ ወርቅ ያጥልቅ!»

«አህያህን ሰው ነድቶት ነው» አለው ባህሩ። «ይቺ ማንም ሳይነዳት ነው። ደግሞ በአንተ ጫማ ቢሆን አቀስታ ሳትደርስ ሶሉ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ግን አገሩ ረሳው። የሬድዮው የስፖርት ዜና የሯጮቹን ሰዓት እስከ ሰከንዷ ይዘረዝርና፣ እርምጃው ጋ ሲደርስ ዘፈን ይገባል። አሳምነው ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ምናልባት ረስተው እንደሆነ ይመለሱበታል ብሎ።

ባለፈው የዓለም ውድድር አንዴ ብቻ አይተዋታል። ካሜራው መሪዎቹን ተከትሎ ሲያልፍ፣ ዝናሽ ከመንገዱ ዳር ቆማለች፤ ፊት ለፊቷ አንድ ሰው ቀይ ሰሌዳ ዘርግቶባታል። አፏን ከፍታ ሰውየውን ታያለች። ይኸው ነው። ካሜራው አለፈ። ማታ ደወለችና «አባባ፣ እግሬ መሬት ላይ ነበር» አለች፤ ደጋግማ ይህንኑ ብቻ። ቆይታም፣ «አንዴ ብቻ እሞክራለሁ። አሁንም ካስወጡኝ እተወዋለሁ» አለች።

ያ «አንዴ» ዛሬ ነው። ባህሩ ታሞ ከተኛበት ክፍል ትናንት ማታ፣ «ነገ የዝናሽ ቀን ነው፤ ፍራሼን ሳሎን አውጡልኝ» ብሎ አዘዘ። አወጡለት። «አብሽር አሳምነው፣ ትገባለች» ብሎ ሸኘው። የሞተው እዚያው፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳዞረ ነው።

ፍራሹ አሁንም ከቦታው አልተነሳም።

ሁዳ ከጓሮ ገባች። ዓይኗ አብጧል፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ረጥቧል። አሳምነውንና ቴሌቪዥኑን ተራ በተራ አየቻቸውና በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። «ሰዓቱ ደርሷል አይደል? ድምፁን አጥፍቼ ልክፈትልዎት። ሰው ሁሉ ግቢ ነው፤ እኔ በሩን እጠብቃለሁ። አባባም ቢሆን…»

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

አሳምነው ወደ ቴሌቪዥኑ ተራመደ። ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ያዘ። ከዚህ ከጨርቁ ሥር ልጁ አለች። ምናልባት አሁን መስመሩ ላይ ቆማ ጫማዋን ታጠብቃለች። ምናልባት ከዚህ ሁሉ የዓለም ሕዝብ መሃል፣ እሷን ብሎ ዓይኑን የሚጥልባት አንድ ሰው የለም። አንድ አባት አላት። አንድ አባት እንኳ አይያት?

ጨርቁን ትንሽ ገለጥ አደረገው። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሱ ፊት መጣበት፤ ከኋላው ደግሞ ባዶው ፍራሽ።

ጨርቁን መለሰና፣ ልብስ ሲለካ እንደሚያደርገው፣ በመዳፉ ወደ ታች ዳበሰው።

«ተይው ልጄ» አለ። «እሱ በሌለበት እኔ አላይም።»

ከቤት ሲወጣ ግን፣ ለወዳጁ ብሎ ልጁን በሰው አገር ጥሏት የሄደ መሰለው። ማን ይፈርዳል? የሚያማክረው አንድ ሰው ነበረው፤ እሱም ተገንዞ ቃሬዛ ላይ ተኝቷል።

ጀናዛው ከቤት ወጥቶ ከከተማው በታች ወዳለው መቃብር ሲወርድ ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቷል። በእስልምናው ወግ ሟችን መንገድ ላይ ማዘግየት የለም፤ ወደ ማረፊያው ማፋጠኑ ክብሩ ነው። ሬሳ ተሸክሞ መሮጥ ግን ነውር ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ፈጠን ብሎ ይራመዳል፤ ተሸካሚዎቹም ቶሎ ቶሎ ትከሻ ይቀያየራሉ፤ ሁሉም ከምንዳው እንዲደርሰው።

ተራው ለአሳምነው ደረሰ። የፊተኛውን ግራ እንጨት ትከሻው ላይ አሳረፈ። ባህሩ ቀላል ነበር፤ በሽታው ጨርሶታል። ጥቂት እንደሄደ እግሩ አንድ ነገር አስታወሰ። ተረከዙን አስቀደመ። ጉልበቱን አቀና። የፊተኛው መሬት ሲይዝ የኋለኛው ለቀቀ፤ የፊተኛው ሲይዝ የኋለኛው ለቀቀ። የነሐሴው ጭቃ እየያዘ ይለቀዋል። ወገቡ በሽማግሌ ወግ እየዞረ ታዘዘው። ቃሬዛው ሳይናጥ እንደ ውኃ መፍሰስ ጀመረ።

«እያየሃት ነው?» አለ በልቡ።

«ዝም በል፣ ዓረቡ ምን እንደሚል ልስማ» አለው ባህሩ፤ እንደ ሁልጊዜው።

ሊቀበሉት ሰዎች መጡ፤ ትከሻውን አልሰጠም። ሌሎች መጡ፤ አልሰጠም። በመጨረሻ ይሄነው ከኋላ እያለከለከ ደረሰበት።

«አያ አሳምነው፣ ልቀበልህ እንጂ! ኧረ ቀስ በል፣ ሩጫ አደረግኸው እኮ!»

«አልሮጥኩም» አለ አሳምነው ፊቱን ሳያዞር። «እግሬ መሬት ነው።»

ይሄነው ወደ ታች አየ። በጭቃ የተለወሰውን ጫማ፣ የቀናውን ጉልበት አየ። አፉ ለቀልድ ተከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው። ዞሮ የቀኙን እንጨት ከያዘው ሰው ተቀበለና እርምጃውን ከአሳምነው እርምጃ ጋር ለማስተካከል ይታገል ጀመር።

«ሰዓቱ አሁን ነው?» አለ ቆይቶ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አሁን ነው።»

እስከ መቃብሩ ድረስ ሁለቱ ትከሻ አልቀየሩም።

ሶላቱ ሲሰገድ ክርስቲያኖቹ ፈንጠር ብለው ቆሙ። አሳምነው ጉድጓዱ ሲሞላ ቀርቦ በሁለት እጁ አፈር ጨመረ። ዱዓው ተደረገ፤ ሰው «አሚን» ብሎ ፊቱን ዳበሰና ወደ ለቅሶው ድንኳን መውጣት ጀመረ። ይሄነው ትንሽ ጠበቀው፤ እንደማይንቀሳቀስ ሲያይ ተወው። አሳምነው የመጨረሻው ሰው ከዐይኑ እስኪሰወር ቆየ። ከዚያ ዳገቱን ብቻውን ያዘ።

ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሲያወጣው ሜትሩ ተጠቅልሎበት አብሮ ወጣ። ቁጥሩ ረጅም ነው፤ የውጭ አገር። አፈር በያዘው ጣቱ ቁልፉን ተጫነ።

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«አባባ!»

«ልጄ።»

«ገባሁ፣ አባባ! ኋላ ነው የገባሁ፤ ሰው ሁሉ ከተበተነ ወዲያ። ግን አላስወጡኝም። በእግሬ ገባሁ!»

አሳምነው ያለበት ቦታ ጠፍቶት ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ተመስገን» አለ፤ ደገመው።

«እኔ ስደርስ ካሜራ ያለ አልመሰለኝም» አለች። «አያችሁኝ ግን? ጠበቃችሁኝ?»

ጫማውን አየ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ መድረቅ ጀምሯል።

«አብረንሽ ሄድን» አለ።

ሳቀች። ከዚያ ቀይ ሰሌዳ ወዲህ ሰምቶት የማያውቀው ሳቅ ነው፤ የልጅነቷ።

«አውቄዋለሁ! ጋሽ ባህሩ የመጨረሻዋ ሳትገባ መቼ ይነሱና! እስቲ ስልኩን ይስጧቸው፣ አባባ። ራሴ ልንገራቸው።»

ከአባይ በረሃ በኩል ጉሙ ተመልሶ እየወጣ ነበር። የታችኛው ሜዳ ጠፍቷል፤ የመቃብሩ አጥር ግማሹ ብቻ ይታያል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው አዲስ አፈር ግን ገና አልተሸፈነም። አሳምነው ስልኩን ከጆሮው አራቀ። አልዘጋውም። ከመዳፉ ውስጥ ቀጭን ድምፅ «ሃሎ? ጋሽ ባህሩ?» ይላል።

ከድንጋዩ ተነሳ። ፊቱን ወደ መጣበት፣ ወደ መቃብሩ አዞረ። አንዱን እግሩን አነሳ፤ ሌላው መሬቱን እንደያዘ ነበር።