የላይኛው ደርብ

ሃርላን ከጎተራው ጣሪያ ሥር፣ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ላይ አንፈራጦ ቆሞ እንዲደርቅ ትምባሆ ይሰቅላል። ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚህ የኬንታኪ ሸለቆ ውስጥ እንደ እሱ ከፍ ብሎ የሚሰቅል የለም።

«ዘንጉን አምጡ እንጂ! አንቀላፋችሁ እንዴ?»

ከሥሩ ያለው ደርብ ላይ የቆመችው ልጁ ዋንዳ ትምባሆ የተሰካበትን ዘንግ ልታቀብለው ስትንጠራራ፣ ክንዷ ላይ የሆነ ነገር ጠብ አለ። ላብ መስሏት ጠረገችው። ደም ነው።

«አባዬ! እግርህ እየደማ ነው!»

«የማን? የእኔ?»

ጎንበስ ብሎ ሲያይ የዛገ ሚስማር የጫማውን ሶል በስቶ ገብቷል። ለካ የቆመው እሱ ላይ ነው! ምንም አልተሰማውም። ያኔ ፈራ።

ነገሩን ያውቀዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት የክሊኒኳ ነርስ ስኳር እንዳለበት ስትነግረው «እኔ? ይሄ ሸንበቆ?» ብሎ ስቆ ነበር። ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው፣ ሲጋራ ደግሞ ያከሳል ባይ ነው። ያውም የሚያጨሰው በገዛ እጁ ያበቀለውን፣ የሱቅ መርዝ ያልነካውን! ነርሷ ግን አልሳቀችም። «አርባ አምስት ዓመት ማጨስዎ ኢንሱሊንዎን አስንፎታል። እግርዎ ቢቀጥንም ስቡ ሆድዎ ውስጥ ተደብቋል። እግርዎ መደንዘዝ ከጀመረ ደግሞ ከፍታ ላይ እንዳይወጡ» አለችው። ለማንም አልተናገረም።

«ውረድ እንጂ ሽማግሌው!» አለ ጎረቤቱ ኤስቲል፣ ታች ትምባሆው ከተጫነበት ጋሪ ላይ። «ወድቀህ ትምባሆውን እንዳታበላሽብን!»

«ዝም በል አንተ! ወንበር ላይ ስትወጣ እንኳ የሚያዞርህ ሰውዬ!»

ዋንዳ አልሳቀችም። «አባዬ፣ አላመመህም?»

«ትንሽ...»

«አትዋሸኝ።»

ሃርላን ወደ ታች አየ። አሁን ከወረደ ተመልሶ እንደማይወጣ ገባው። ይሁን እንጂ ሌላ ሰው ተሸክሞ እንዲያወርደው አልፈለገም። እግሩን ከሚስማሩ ነቅሎ፣ አግዳሚውን በእጁ እየጨበጠ፣ አንድ በአንድ ወረደ። መሬት ሲደርስ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ስኳር አለብኝ። እግሬ ደንዝዟል። ሲጋራውም እጁ አለበት። በቃ፣ ሰማችሁ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» አለ ኤስቲል፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ። «በል ና፣ ክሊኒክ ላድርስህ።»

«ላዩንስ ማን ይስቀል?»

«እኔ ነኛ!» አለች ዋንዳ። መልስ ሳትጠብቅ ሃርላን ወደነበረበት ወጣች። ሁለቱን እንጨቶች ረግጣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«የእኔ ልጅ ናት!» አለ ሃርላን ለኤስቲል። «እያት! እኔን ምን ታየኛለህ፣ እሷን እያት እንጂ!»

ዋንዳ ከላይ ሆና ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ አሳየችው። ሃርላን በየዓመቱ ምርጡን ቅጠል ለራሱ ማጨሻ እየለየ እንዲህ ምልክት ያደርግበታል።

«አባዬ፣ ይሄን ያንተን እንደ ወትሮው ለብቻው ልስቀለው?»

ሃርላን የኤስቲልን ትከሻ ተደግፎ ወደ ዘንጉ ቀና አለ።

«ጨርቁን ፍቺውና ከሌላው ጋር ስቀይው» አላት።