«ጊዜ አለን!» ያለችው ልጅ

እህቴ ኦዜላ የቶምቢግቢ ወንድማማቾች የሚባሉት የመዝሙር ጓድ ያወጧቸው አሥራ አንድ አልበሞች ሁሉ አሏት። ከአላባማ እስከ ሚሲሲፒ እነሱ ዘምረውበት እሷ ያልረገጠችው ቤተ ክርስቲያን ካለ ገና ያልተሠራ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ «ቀብሬ ላይ እንድትገኚ እነሱን አስዘምሪ» ይላት ነበር። አስዘመረች፤ ተገኘችም።

እኔ በፓይን ግሮቭ ቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ ነኝ። ነጭ ጓንቴን አድርጌ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ ሰው አስቀምጣለሁ፣ የሚያወራ ሲኖር አፈጥጥበታለሁ። ለዘማሪ ብዬ አገር ላገር የምዞር ሰው አይደለሁም። ግን አራተኛው አልበም የኔንም ቤት ያንኳኳ ነው።

ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ሙቀት እኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀዳ ሸክላ ነው። በሁለተኛው ገጽ «ያለ ጀልባ አሻግረኝ» በሚለው መዝሙር መሐል መሪ ዘማሪው ዊልበርት ታግርት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጊታሩ ያርፋል፣ ያኔ ከጉባኤው አንዲት ልጅ «ቀስ በል! ጊዜ አለን!» ብላ ትጮኻለች። እኛ ዘንድ ይህ ተግሣጽ አይደለም። ዘማሪው ሲጣፍጥ አትቸኩልብን፣ አስረዝምልን ማለት ነው።

የኦዜላ አንድያ ልጇ ላቮን ያን ቀን ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሠቃያት የደም በሽታ ወሰዳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሸክላው የወጣው ለገና ነው። ኦዜላ እንደሰማችው እየሮጠች እኔ ቤት መጣች።

«ልጄ ናት! ነይ ስሚ፣ ልጄ ናት!»

ሄጄ ሰማሁ። የልጃገረድ ድምፅ ነው። ያን ቀን በሩ ላይ ነበርኩ፤ የጮኸ ሰው ትዝ አይለኝም። ግን ከላቮን የቀረ ሌላ ድምፅ አልነበረም። «አዎ፣ እሷ ናት» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወንድማማቾቹ የምሥረታ በዓላቸውን እኛ ዘንድ ሲያከብሩ፣ ያ ቦታ ሲደርስ ጉባኤው ጸጥ ይላል። ኦዜላ ብድግ ትልና በልጇ ፋንታ «ቀስ በል! ጊዜ አለን!» ትላለች። ታግርት ሸክላውን በልቧ የያዘች አድናቂ ትመስለዋለች እንጂ ስለ ላቮን የነገረው የለም።

መርፌው በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ እየተመለሰ ሸክላውን ፈጀው። ሁለት ዓመት ሆነው፣ ልክ እዚያ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል።

«ሌሎቹን አድምጪ እንግዲህ» አልኳት።

«ሌሎቹ ላይ የለችም» አለች።

ዘንድሮ ግን ለሃምሳኛው ዓመት በዓል ያ አልበም ከመጀመሪያው የቀረጻ ቴፕ ተጣርቶ በሲዲ እንደወጣ ተሰማ። ኦዜላ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀኝ ጆሮዋ ሄዷል፣ ግራው መንገድ ላይ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ አጥርቼ ልስማት። ከዚያ ቢደነቁርም ይደንቁር» አለችኝ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐምራዊ ባርኔጣዋን ደፍታ ፊት ተቀመጠች። ከአምስቱ ወንድማማቾች የቀረው ታግርት ብቻ ነው፤ የሚያጅቡት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲዲውን ከፍ አደረገ። ወሬ ይወዳል።

«ፓይን ግሮቮች! አንድ ምሥጢር ላውጣ?»

«አውጣው!»

«የሸክላ ኩባንያው ሰውዬ ሞቷል፤ የሚከሰኝ የለም። ያን ቀን ሙቀቱ ትዝ ይላችኋል? ማራገቢያችሁን እያወዛወዛችሁ ዝም! ሰውዬው ‹ወንድም ታግርት፣ ይሄ ጉባኤ ነው ቀብር?› አለኝ። ወስዶ ከሌላ ከተማ የተቀዳ ጭብጨባና ጩኸት ለጠፈበት። እዚያ ሸክላ ላይ ከእናንተ የአንድም ሰው ድምፅ የለም! ደስ ይበላችሁ፣ አሁን ሲዲው ላይ የገዛ ዝምታችሁን መልሰውላችኋል!»

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ከዚያ ትልልቆቹ አንድ በአንድ ትዝ እያላቸው ሣቃቸውን ዋጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ከበሩ ሆኜ የማየው የኦዜላን ባርኔጣ ብቻ ነበር። አልተንቀሳቀሰም።

መዝሙሩ ተጀመረ። ያ ቦታ ደረሰ። ጊታሩ አረፈ፣ ጉባኤው ጸጥ አለ። ታግርት ወደ ኦዜላ ዞሮ ፈገግ ብሎ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ዝም። ስንኙን መልሶ አዜመው። አሁንም ዝም። በሦስተኛው አልቻልኩም፤ በመሐሉ መተላለፊያ ወርጄ አጠገቧ ደረስኩና ልጮኽላት አፌን ከፈትኩ። የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

«ተይው» አለች።

«እህት ኦዜላ ዛሬ ቸኩላለች!» አለ ታግርት፣ እየሣቀ። መዝሙሩም አለፈ።

መኪና ውስጥ የገዛችውን ሲዲ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ» አለችኝ በኋላ። «ሰምተሻት ነበር?»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ዋሽቻታለሁ። ደከመኝ።

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያ ልጄ ምንም አላለችም» አለች።

ቤቷ ስንደርስ ግን ሲዲውን ክፈቺልኝ አለች። ግራ ጆሮዋን ማጫወቻው ላይ ለጠፈች። ያ ቦታ ሲደርስ ጊታሩ አረፈ፤ የወረቀት ማራገቢያ ሲወዛወዝ ይሰማል፣ ሌላ ምንም።

«እዚህ ውስጥ ተቀምጣለች አይደል?» አለችኝ። «ሦስተኛው መደዳ?»

«አዎ።»

«መልሺው።»

መለስኩት። ከዚያ እንደገና። ራቷን ሳትበላ፣ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ «መልሺው» ትላለች። ሸክላው ቢያንስ አልቆ ነበር። ይሄኛው አያልቅም ይላሉ።