ሁለት ባልዲ የሚረጋ ዘይት

የሳሙና ሠሪዋ ኑሮ በፓልም ዘይት ላይ የቆመ ነው። ብርድ ሲነካው ነጭ ሆኖ የሚረጋው ይህ ዘይት ከፊሉ ለድስቷ፣ ከፊሉ ለሥራዋ ይውላል። «የምትገምጡት ብስኩትም፣ የምትታጠቡበት ሳሙናም የአንድ እናት ልጆች ናቸው» እያለች ደንበኞቿን ታስቃለች።

አንድ ቀን ጠዋት ዘይቱን ሥጋ ከሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳ ጋር አዋህዳ፣ እስኪረጋ በባልዲ አስቀመጠችውና ማሸጊያ ወረቀት ልትገዛ ወጣች። አማቷንና ሚጢ የምትላትን ትንሽ ልጇን ቤት ትታ ነበር።

ስትመለስ የባልዲው ክዳን ወለሉ ላይ ወድቋል። ከውህዱም በማንኪያ ተዝቋል። የምግቡ ዘይት ያለበት ባልዲ ግን አጠገቡ እንደተከደነ ነው። አጎራብታ ያስቀመጠቻቸው ራሷ ናት።

«ሚጢ!»

ጠረጴዛው ላይ የተገመጠ ዳቦ አየች። እየሮጠች ወጣች። ልጅቷን ጓሮ ስትጫወት አገኘቻት።

«አፍሽን ክፈቺ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ክፈቺ አልኩሽ! ዳቦው ላይ ምን ቀባሽ?»

«ምንም። ደረቁን ነው የበላሁት። ዘይቱን አያቴ ናት የወሰደችው።»

ወደ አማቷ ክፍል በረረች። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

«እማማ፣ ዘይቱን በሉት እንዴ?»

«ኧረ አልበላሁም።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ሁለቱም ጉልበታቸው በርበሬ መስሏል።

«የምግቡ ዘይት መስሎኝ፣ ቁርጥማቴን ልታሽበት ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንዲህ እየለበለበዎት ዝም ይላሉ?»

«ሥራሽን ያበላሸሁ መሰለኝ፣ ልጄ። እጇ አያርፍም እንዳትይኝ ፈራሁ።»

ደግፋ ቧንቧው ሥር አስቀመጠቻቸውና ውሃውን ለቀቀችባቸው። ደጋግማ አጠበቻቸው።

«አያቴ ትሞታለች?» አለች ሚጢ ከኋላ።

«አንቺ ሟርተኛ! ሳልድርሽ የት እሄዳለሁ?» አሉ አሮጊቷ እያቃሰቱ።

ጤና ጣቢያ ስትወስዳቸው ነርሷ ቁስሉን አይታ፣ «መታጠባቸው በጀ፤ ይድናል። ጠባሳው ግን አይቀርም» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ የሳሙናው ባልዲ ቁልፍ ያለው ክፍል ገባ። አሮጊቷም እየተጎተቱ መሄድ ጀመሩ። ሳሙና ሠሪዋ ግን ሚጢ ባሳላት ቁጥር፣ ለብዙ ጊዜ፣ ከውህዱ ቀምሳ ይሆን እያለች የያዘችውን ጥላ ትነሳ ነበር።