ጥጋብ በአማርኛ

ዓለሙ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ራብን የሚያውቀው በስልኩ ነበር። በቀን ስድስት ጊዜ ስልኩ ይጮኻል፤ እሱም በስኒ ማስቀመጫ ላይ የቀረበችለትን ምግብ በሕፃን ማንኪያ እየቆነጠረ፣ ሃያ ሃያ ጊዜ እያላመጠ ይበላል። ሆዱ ዝም ብሏል። ድሮ ጎረቤት እስኪሰማው ያጉረመርም የነበረው ሆድ አሁን ሰው እንደለቀቀው ቤት ጭጭ ብሎ ተቀምጧል። ራቡ ግን አልሞተም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ጭንቅላቱ ውስጥ ሰፍሯል። በሲቀላ ሰፈር ሲያልፍ የዓሣ ጥብስ ሽታ ያስቆመዋል፤ ዐይኑ ይለምናል፣ አፉ ውሃ ይሞላል። አዝዞ ሲቀመጥ በሦስተኛው ጉርሻ ደረቱ መሐል ድንጋይ ይቀመጥበታል፣ አፍንጫው ይረጥባል፣ ስቅታ ይይዘዋል። ጥጋብ የሚሉት ነገር ከእንግዲህ ይኸው ነው። ደስታውን መንገድ ላይ ጥሎ ሕመሙን ብቻ ይዞ ይመጣል።

አምስት ወሩ ነው። መቶ አርባ ሁለት ኪሎ የነበረው የሴቻ ሰፈሩ የሒሳብ መምህር፣ ዛሬ የሰው ኮት ተውሶ የለበሰ ይመስላል። ምን ሆነህ ነው ሲሉት ስኳር አክስቶኝ ነው ይላል። ውሸትም አይደለም። ስኳሩ እግሩን ሊያስቆርጠው ሲቃረብ ነው ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ የላከው፤ እዚያ ከጨጓራው አብዛኛውን ቆርጠው አወጡለት። ይህን የምታውቅ ሚስቱ አገኘሽ ብቻ ናት። የሚበላው ያጣ ሰው ባለበት አገር፣ እንዳይበላ ብሎ ሆዱን ያስቀደደ ተብሎ መሳቂያ ከመሆን በሽተኛ መባል ይሻላል ብለው ሁለቱ ተስማምተዋል።

ያን ቅዳሜ ተራራው ላይ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ወደ ኦቾሎ የወጣው ለእርቅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኦይታ ካኮረፈው ሁለት ዓመት አልፎታል። እናታቸው ስትቀበር ዓለሙ በቀብሩ ላይ አልነበረም። አቀበቱን ጀምሮት ነበር፤ እኩሌታው ላይ ትንፋሹ አለቀና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከላይ የሚወርደውን መዝሙር እየሰማ፣ ውፍረቱን እየረገመ ቆየ። መዝሙሩ ሲያበቃ ሰው ሳያየው ቁልቁል ተመለሰ። ኀፍረት አፉን ያዘውና ለማንም አልተናገረም። መንደሩ ደግሞ ዝምታን ባዶ አይተወውም፤ ከተማ ገብቶ ጠግቧል፣ እናቱን እንኳ አፈር አላለበሰም ተባለ። ኦይታም የሰው ወሬ ከሰው አፍ ተቀብሎ የራሱ አደረገው። ኖሮ ኖሮ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ላቀው መካከላቸው ገቡ።

አሁን አቀበቱን ወጣው። ሁለት ቦታ ቆም አለ እንጂ አልተቀመጠም። ከታች የአባያ ሐይቅ እንደደፈረሰ ተኝቷል።

ኦይታ እግሩን ከሽመና ጉድጓዱ ሳያወጣ ጠበቀው። የከሳውን ወንድሙን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አየና ዐይኑን ወደ ድሩ መለሰ።

አቶ ላቀው ከሰሜን መጥተው ሠላሳ ዓመት ቢኖሩም ጋሞኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ለእሳቸው ክብር ሲባል ነገሩ በአማርኛ ሆነ። የኦይታ አማርኛ ጋቢ ሲሸጥ የለመደው የገበያ አማርኛ ነው፤ ክርክር ላይ ይበረታል፣ ሌላው ላይ ያነክሳል። ዓለሙ ስለዚያ ቀን ሁሉንም ተናገረ፤ ትንፋሹን፣ መዝሙሩን፣ ድንጋዩን። ኦይታ መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«የቱ ድንጋይ?»

«ከሾላው በላይ ያለው።»

«አውቀዋለሁ» አለ ኦይታ። ከዚያ ወዲያ የቀብሩ ነገር አልተነሣም። ከጉድጓዱ ወጣና እጁን ታጠበ። አቶ ላቀው እፎይ ብለው ጸለዩ።

የኦይታ ሚስት ሻሺቱ ገበታውን አቀረበች። ለዚህ ቀን በግ ታርዷል። ቆጮው በቅቤ ርሷል፣ ሥጋው ያብረቀርቃል፣ የበርበሬ ማባያው ዳጣ ከዳር ቀልቷል። ዓለሙ ገና ከሽታው ራሱ ዞረ። ሻሺቱ እየደጋገመች ሥጋውን ወደ እሱ ትገፋለች፤ እሱ ደግሞ ጫፍ ጫፉን እየቆነጠረ እንደሚበላ ሰው አፉን ያንቀሳቅሳል።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ኦይታ ጠቀለለ። የሸማኔ ጣት የጠቀለለው አይፈታም፤ የሕፃን ጭብጥ ታክላለች። ዓለሙ አፉን ከፈተ። አኘከ፣ አኘከ፣ እንባው መጣ።

«በዳጣ የሚያለቅስ ጋሞ ዛሬ አየሁ» አለ ኦይታ፤ ሁለት ዓመት ያልታየ ሳቁ ብቅ አለ።

ያ ሳቅ ዓለሙን አታለለው። ሃያውን ሳይቆጥር ዋጠ። ወዲያው ድንጋዩ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩን ላብ ሲያረጥበው፣ የወንድሙ እጅ ሌላ ጉርሻ ይዞ ፊቱ ደርሷል።

«አንድ ያጣላል ይባላል» አለ ኦይታ። «ታረቅን አይደል?»

ያችን ከዋጣት ገበታው ላይ እንደሚመልሳት ዓለሙ አወቀ። በጋሞኛ ቢሆን ለስለስ ያለ ነገር፣ በእናታቸው ቤት ይባል የነበረ ነገር ፈልጎ ባገኘ ነበር። የደረቱ ድንጋይ ግን ጊዜ አልሰጠውም።

«ጋሼ፣ እኔ ጠግቤያለሁ።»

ቃሉ ራቁቱን ወጣ። ሻሺቱ ቀና አለች። የኦይታ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«መጥገብህንማ አገር ያውቃል» አለ።

አቶ ላቀው በሳቅ ሊያልፉት ሞከሩ፤ ያን ሁሉ ኪሎ በምን ሞልተኸው ነበር፣ ጉረስ እንጂ አንተ ሰው አሉት። ማንም አልሳቀም። ዓለሙ ከአገኘሽ ጋር የተስማማውን ሁሉ እዚያው አፈረሰው። ስኳሩን፣ አዲስ አበባን፣ ቢላውን አንድ በአንድ ተናገረ። እውነት ከተናገረ ይቅር እንደሚባል አምኖ ነበር፤ ስለ አቀበቱ ድንጋይ በመናገሩ እንደሆነለት ሁሉ።

ኦይታ ጉርሻውን ገበታው ዳር አስቀመጠ።

«እኛ ጋ ራብ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው። አንተ አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ ጠራኸው?»

«ራብ እንኳ የለኝም፣ ጋሼ። አይሰማኝም።»

ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። ኦይታ ፊቱን ወደ ደጁ አዞረ።

«የቆረጡትንስ ምን አደረጉት?»

ዓለሙ ይህን ጠይቆም አስቦም አያውቅም። «ጣሉት መሰለኝ።»

«ጣሉት» አለ ኦይታ ቀስ ብሎ። «አባታችን የሞተ ዓመት፣ እናታችን ቆጮውን ለሁለታችን እኩል ትቆርስ ነበር። አንተ ታለቅሳለህ፤ እኔ የእኔን እሰጥሃለሁ። ውሃ ጠጥቼ እተኛለሁ። ያ ሆድ እኔ የሞላሁት ነው።»

ዓለሙ ታምሜ ነበር፣ ልሞት ነበር ሊል አፉን ሲከፍት ስቅታው ቀደመው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጠግቦ እንደበላ ልጅ። አፉን በእጁ ሸፍኖ ወደ ውጭ ሮጠ። ከእንሰቱ ኋላ ጎንበስ ብሎ ቅቤውንም ሥጋውንም መለሰው። ሲመለስ ሻሺቱ ውሃ ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። ዐይኗ ከሱ ይልቅ መሬቱን ያያል።

ቤት ውስጥ አቶ ላቀው ስለ ምሕረት ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራሉ። ኦይታ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣቸዋል። ቂም የለኝም፣ ይቅር ብያለሁ አላቸው፤ እንዲያውም ደጋግሞ። ከዚያ ወደ ዓለሙ ዞረ።

«ይቀመጡ» አለው። «ደክሞዎታል።»

ዓለሙ መጀመሪያ ለአቶ ላቀው የተናገረ መስሎት ነበር። ኦይታ «እርስዎ» የሚለው ለቀበሌ ሰውና ጋቢ ሊገዛ ለመጣ እንግዳ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አዎ። ሻሺቱ፣ ለእንግዳችን ትራስ አምጪላቸው።»

ትራሱ መጣ። ዓለሙ ተቀመጠበት። ማንም ጉረስ አላለውም፤ ማንም ብላ አላለውም። ሌሎቹ ሲበሉ እሱ የቆጮውን ፍርፋሪ እያየ ቆየ።

ሊሄድ ሲነሣ ኦይታ አብሮት ተነሣ። በኦይታ ቤት ታላቅ ለታናሹ ተነሥቶ አያውቅም። በሩ ድረስ ሸኘው፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፣ ጎንበስ አለለት፣ መንገዱ ያንሸራትታል ቀስ ብለው ይውረዱ አለው።