ባቲ የሚል ካርቶን

ኢድሪስ ይሻውን አይወድም። ሰውየውን በአካል አግኝቶት አያውቅም፤ የማይወደው የሳክስፎን አነፋፉን ነው። «ይቸኩላል» ይላል፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ጆሮ የሚሰጠው ሰው ባገኘ ቁጥር። «አንዱን ትንፋሽ ሳይጨርስ ሌላው ላይ ይገባል። ጃዝ እኮ ዝም ማለት የሚችል ሰው ሙዚቃ ነው።» ጆሮ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሳሙና ሊጭን ከአንበሳሜ የመጣ ነጋዴ ስለሆነ፣ እውነትዎን ነው ይልና ወደ ሳሙናው ይመለሳል።

ትራምፔት ነፊውን ባዩን ግን ማንም አይነካበትም። ባዩ አንዲት ድምፅ አውጥቶ ሰሚው እስኪጨነቅ ድረስ ያቆያት ነበር፤ ኪቦርድ መጥቶ ባንዱ ሲበተን ግን እሱም አንድ ሆቴል ውስጥ የሰው ልደት ሲያደምቅ አረጀ። ይህን ባሰበ ቀን ኢድሪስ ምሳው አይበላለትም። የድሮውን ሸክላ አጽድተን አሳተምነው የሚሉትንም አይምርም፤ ጭረቱን እናጥፋ ብለው የቤዝ ጊታሩን ንዝረት አብረው ጠርገው ጥለውታል ባይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ፤ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ራሱም የጅምላ ነጋዴ፣ በጁምዓ ከመስጊድ የማይቀር፣ በሌላው ቀን ከቴፑ አጠገብ የማይጠፋ። ልጅ ሳለ አባቱ አቡጀዲ ሊያመጣ መርካቶ ይዞት ወርዶ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ተገትሮ ቀረ። አባቱ በጆሮው ጎትቶ ወሰደው፤ ጆሮው ግን ከዚያ በር አልተመለሰም።

ለእሱ ከሁሉም የሚበልጠው ዓለምነው ነው። ዓለምነውን ደግሞ ማንም አያውቀውም። ሸክላ አላሳተመ፣ ስሙ የትም አልተጻፈ። በወታደር ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ሲነፋ ኖሮ፣ ሠራዊቱ ሲበተን ሳክስፎኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰና የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። ኢድሪስ ወሬውን ሰምቶ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄዶ ተዋወቀው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ትንፋሽ ሲከራከሩ ኖሩ። ሰው የሃይማኖት ክርክር ይመስለው ነበር።

አንድ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገዢ አላስመጣ ሲል፣ ኢድሪስ ባልንጀራውን መጋዘኑ ውስጥ በሳሙና ካርቶኖች መካከል አስቀምጦ ቴፑን መቅጃ ላይ አደረገው። ዓለምነው ባቲን ነፋ፤ ባቲ የተባለውን ቅኝት፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጊታር፣ ብቻውን። ኢድሪስ ካርቶን ተደግፎ አለቀሰ፤ ለቅሶው ካሴቱ ላይ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ የሳክስፎኑ ቁልፎች ቆዳ በሰበሰ። የሚጠግን ሰው በዚህ አገር አልተገኘም፣ ዓለምነውም ዳግመኛ አልነፋም። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈው ያ ካሴት ብቻ ነው።

ዛሬ ሱቁን የምታስተዳድረው የኢድሪስ ልጅ ፈሪዳ፣ «አባባ፣ ሳይበላሽ ወደ ስልክ ላስገልብጥልዎ» ብላው ታውቃለች። አሻፈረኝ አለ። ስልክ ውስጥ የገባ ሙዚቃ ይቀጥናል አላት። በዚህ ማንንም ሊወቅስ አይችልም።

ዓለምነው ራሱ ካሴቱን አንድም ቀን ሰምቶት አያውቅም። ላሰማህ ሲባል፣ «ያንተን ወሬ መስማት ይሻለኛል» እያለ ይስቃል። ኢድሪስም አይሰስትም፤ በዚህ አገር ከተነፋ ሳክስፎን ሁሉ ያንተ ይበልጣል፣ ባዩ ቢሰማህ ኖሮ ትራምፔቱን ሰቅሎ ይቀመጥ ነበር ይለዋል። ዓለምነው ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። ደስ የሚለው ግን ያስታውቅበት ነበር።

ዘንድሮ ዓለምነው ታመመ። ጉበቱ ነው። ሐኪሞቹ ቤቱ ወስዳችሁ አስታምሙት አሉ። ሚስቱ ሠናይት ተስፋ አልቆርጥም ብላ ጣራ ገዳም ወስዳ ጸበል አስጠመቀችው፤ ከዚያም ሲመለስ በሰው ክንድ ነው ከመኪና የወረደው። ኢድሪስ ሊጠይቀው ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ዓለምነው ሠናይት ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቆ እጁን ያዘው።

«ያን ካሴት አምጣልኝ» አለው።

«እውነትህን ነው?»

«በር ስጠብቅ ኖርኩ እኮ ኢድሪስ። አንዲት ነገር ሠርተሃል የምትለኝ አንተ ብቻ ነህ። እንዴት እነፋ እንደነበር ጠፍቶብኛል። በጆሮዬ ልስማውና ልሂድ።»

ኢድሪስ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ አመጣልሃለሁ አለ።

ኢድሪስ ካሴቶቹን የሚያስቀምጠው በሙዚቀኛ ስም አይደለም፣ በቅኝት ነው። አራት ካርቶን አለው፤ ትዝታ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ ባቲ ብሎ በወፍራም ማርከር ጽፎባቸዋል። አራቱም መጋዘኑ ጥግ ላይ ተደርድረው ነው የኖሩት። በዚያው መጋዘን ለደንበኛ የሚላክ ዕቃ ሁሉ የሚሄድበት ከተማ ስም ይጻፍበታል፤ እብናት፣ አንበሳሜ፣ ወረታ። ሹፌሩ ሱልጣን የከተማውን ስም አይቶ ይጭናል፣ በቃ።

ኢድሪስ ከዓለምነው ቤት ተመልሶ ጥጉ ላይ ሦስት ካርቶን ብቻ አገኘ።

«ፈሪዳ፣ እዚህ የነበረው ካርቶን የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ባቲ የሚለው።»

«እሱማ ባቲ ሄደ» አለች፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል። «ሱልጣን ለእነ ረሂማ ጫማ ሲጭን ጊዜ ስሙን ብቻ አይቼ አብሬ ሰጠሁት። እርስዎ ያዘጋጁላት ስጦታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ረሂማ የፈሪዳ ባል እህት ናት፤ ወሎ፣ ባቲ ገበያ ላይ የላስቲክ ጫማ ትነግዳለች።

ኢድሪስ መጀመሪያ ሳቀ። ቅኝቱ ተነሥቶ ወደ ሞክሼው ከተማ መሄዱ፣ ዓለምነውን የሚያስቅበት ጨዋታ ሆኖ ታየው። ከዚያ ፈሪዳ ደወለች። ረሂማ ጫማው ደርሷታል፤ ሌላ ካርቶን አላየችም። ኢድሪስ ሳቁን ዋጠ። ሱልጣን በማግስቱ ከነአይሱዙው መጣ፣ መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሶ።

ሱልጣን ቅን ሰው ነው፣ የጠየቁትን አይደብቅም። «ካርቶኗንማ ጋሼ» አለ፣ «ጋይንትን እንዳለፍን ጎማው ሰጠመብን። ድንጋይ ብንል የለም፣ ቅጠል ብናነጥፍ ተንሸራተተ። ዝናብ በልቷት ተቀዳዳ ነበር፣ ሳይ የድሮ ካሴት ነው። ዛሬ ይሄን ማን ይሰማዋል ብዬ አንድ ሳላስቀር ጎማው ሥር ደፋሁት። ወላሂ፣ ፕላስቲኩ ጭቃውን ቆንጥጦ አወጣን። እሱ ባይኖር እዚያው ነበር የምናድር።» ይኼኔ የኢድሪስን ፊት አየ። «ምን ነበረበት ጋሼ?»

«ምንም» አለ ኢድሪስ።

ሱልጣንን ቢሰድበው ካሴቱ አይመለስም። ፈሪዳ ነገሩ ገብቷት ማልቀስ ስትጀምር እንኳ አይዞሽ ለማለት አቅም አጣ። ባቲ ብሎ የጻፈው እጁ የራሱ ነው፣ ስልኩን የናቀው አፉም የራሱ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዲት መልካም ነገር ሠርቶ እሱ ዘንድ አደራ አስቀመጠ፤ አደራውን ጎማ በላው። መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሲያገላብጥ ዋለ፣ መውጫ ግን አላገኘም። ባዶ እጁን ሄዶ ጠፋብኝ ማለት አልቻለም።

ዓለምነው ምንም ቢደክም ቅኝት አይስትም፤ በትዝታ ወይም በአምባሰል አይታለልም። ባቲ ያስፈልጋል፣ ዘፋኝ የሌለበት፣ ሳክስፎን ብቻ። ባቲዎቹ ሁሉ ጋይንት መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ናቸው፤ ከአንዱ በቀር። ይሻው ያለ አጃቢ ባቲን የነፋበትን ካሴት ኢድሪስ፣ ይሄ ከዓለምነው ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ አያድርም ብሎ አውጥቶት፣ የሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጉጦት ነበር። ከዚያ አወጣውና በሸሚዙ ጠረገው። የሚያደርገው ነገር ነውር መሆኑን ያውቃል። ሰውየው ደክሟል፣ ካሴቱም አርጅቷል፣ ባቲ በሳክስፎን መስማቱ ብቻ ይበቃዋል ብሎ ግን ራሱን አሳመነ።

ጠዋት ነው፣ ውጭው ጉም ነው። ሠናይት ትራስ ደራርባ ባሏን ቀና አደረገችውና እግሩ ሥር ተቀመጠች። ኢድሪስ ቴፑን ወንበር ላይ አስቀምጦ ካሴቱን አስገባ፤ ማጫወቻውንም ተጫነ። ሳክስፎኑ ሲጀምር የዓለምነው ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሱ፣ ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቆሙ። እስከ መጨረሻው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ይኸው ነው?» አለ ሲያልቅ።

«ይኸው ነው» አለ ኢድሪስ።

«ይቸኩላል» አለ ዓለምነው።

ኢድሪስ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ።

«አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ላይ ይገባል። ስሙኝ፣ ስሙኝ ይላል። ኢድሪስ፣ ይሄን ነው ይሄን ሁሉ ዘመን ስታወድስልኝ የኖርከው?» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «እኔ እኮ እውነት መስሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ በር ላይ ቆሜ ሰው ሲገላምጠኝ፣ ግድ የለም እኔ አንድ ጊዜ ነፍቻለሁ እል ነበር።»

ሠናይት አቀርቅራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አንተ አይደለህም» አለ ኢድሪስ። «ይሻው ነው። ያ የማልወደው ይሻው። ያንተ ካሴት ጠፋብኝ ዓለምነው። ካርቶኑ ላይ ባቲ ብዬ ጽፌበት፣ ፈሪዳ ባቲ የሚላክ መስሏት ጫነችው። ሱልጣን ደግሞ ጎማው ሲሰጥምበት ጭቃ ውስጥ…»

እየተናገረ ራሱን ሰማው። እውነቱ ከውሸት ሁሉ የባሰ ውሸት ይመስል ነበር።

ዓለምነው ከንፈሩ ፈገግ አለ። «ባቲ ባቲ ሄደ» አለ፣ «ከዚያ ጎማ በላው።» ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሠናይት ውሃ አቀመሰችው። ሲረጋጋ የኢድሪስን እጅ ፈልጎ ያዘ። «ተወው ወንድሜ። ለእኔ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል። ድሮም ለእኔ ብለህ ነበር። ከእንግዲህ ግን አትዋሸኝ።»

«ወላሂ እልሃለሁ…»

«አትማል። ለእኔ ብለህ ኃጢአት አትግባ።»

«በቃዎት ጋሼ ኢድሪስ፣ አያድክሙት» አለች ሠናይት፣ በለሆሳስ።

ኢድሪስ ግን መተው አልቻለም። ያን ባቲ ሰምቶ በሕይወት ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ካሴቱ ቢጠፋ እሱ አለ። «እስቲ ስማኝ» አለ፣ «እንዴት እንደጀመርከው በአፌ ልበልልህ።» ዓይኑን ጨፈነ። መጋዘኑ መጣለት፣ የሳሙናው ሽታ መጣለት፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብም መጣለት። ዓለምነው ጉንጩን ሞልቶ ሲነፋ በደንብ ይታየዋል። ማንጎራጎር ጀመረ። ዓለምነውም ራሱን ከትራሱ ትንሽ ቀና አድርጎ አዳመጠው።

ጥቂት እንደሄደ ኢድሪስ አቆመ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና አቆመ። አፉ ላይ የሚመጣለት አሁን ቴፑ የጨረሰው የይሻው ባቲ ብቻ ነበር።

ዓለምነው ራሱን መልሶ ትራሱ ላይ አሳረፈና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አየህ» አለ፣ «አንተም የምታስታውሰው ይሄንኑ ነው።»