የእማማ ሳሙና ገጾች

ልጆቹ «እማማ ሳሙና» የሚሏቸው ከቦርሳቸው ሳሙና ስለማይጠፋ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየትምህርት ቤቱና በየደጁ እየዞሩ እጅ መታጠብን፣ ውሃ ማፍላትን፣ ጡት ማጥባትን ሲያስተምሩ ኖረዋል። በመሃል የሚያንቀላፋ አባወራ ካዩ «አንተ፣ ዝንቧ እንኳ ነቅታ እየሰማችኝ ነው» ይሉታል። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይነቃል።

እሳቸው በሚሠሩበት ጤና ጣቢያ የሥልጠና ኃላፊ ሆኖ የመጣው ሰው ግን ሳቅ ብዙም አይጥመውም። ባሕር ማዶ ሰባት ዓመት የጤና ትምህርት ተምሮ የተመለሰ ነው። የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለዋል። እንዳልሆነ ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም፤ «መርፌ የማይወጋ ዶክተር ማግኘትማ መታደል ነው» እያሉ ያሾፉበታል። ከተመለሰ ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነዋል፤ የተማርኩት እዚህ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ጥርጣሬው ዕረፍት ሲነሳው እጁ የገባውን ሁሉ ያሻሽላል።

መጀመሪያ ያሻሻለው የማስተማሪያውን ሥዕል ነው። ማስተማሪያው ከላይ የተጠረዘ፣ መቆሚያ ላይ ሆኖ ገጹ የሚገለበጥ ትልቅ ደብተር ነው። በሕዝቡ በኩል ሥዕል፣ በአስተማሪው በኩል ጽሑፍ አለው። በድሮው እትም ከጽሑፉ ጥግ የዚያው ሥዕል ትንሽ ቅጂ ነበረች። እሱ ትንሿን ሥዕል አወጣና በቦታዋ ተጨማሪ ጽሑፍ አስገባ። ቅደም ተከተሉንም ቀየረ፤ በእጅ መታጠብ ይጀምር የነበረው አሁን በጡት ማጥባት ይጀምራል። ከልደት መነሳት ይሻላል ብሎ ነው።

አዲሱ እትም የደረሰው በወላጆች ስብሰባ ዋዜማ ነበር። እማማ ሳሙና ቢሮው ገብተው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ዛሬ ቤት ይዤው ልሂድ?»

«ምን ያደርግልዎታል እማማ? ያው የሚያውቁት ነው።»

«አዲስ አይደል እንዴ። ልለማመደው ብዬ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ምን ልምምድ ያስፈልግዎታል?» አለና ሳቀ። «ገና አልተመዘገበም፤ ነገ እዚያው ይረከቡኛል።»

ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ስልኩ ጠራ። እሱ ሲያነሳው እሳቸው ወጡ።

በማግስቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወላጆች የተማሪ አግዳሚ ላይ ተጣበው ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹ በመስኮቱ ጥግ ቆሙ። እማማ ሳሙና ከደብተሩ ኋላ ሆነው፣ እንደ ወትሯቸው፣ «እስቲ እጃችሁን አሳዩኝ» ብለው ጀመሩ። «ይቺን ነገር ምግብ ከመነካቱ በፊት በሳሙና ፈተግ ፈተግ ነው።»

ሕዝቡ የሚያየው ልጇን የምታጠባ እናት ነበር። ከመስኮቱ በኩል ሳቅ አፈተለከ። ቀልዳቸው የሠመረ መስሏቸው እሳቸውም ፈገግ አሉና ገጹን ገለበጡ።

«ይህንን ደግሞ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ።»

ሥዕሉ መጸዳጃ ቤት ነበር። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እማማ ሳሙና ሳቁ ሲበዛባቸው ወደ ጽሑፉ ጎንበስ አሉ። በር ላይ የቆመው ኃላፊ ዓይናቸው ትንሿ ሥዕል ትኖርበት ወደነበረው ጥግ ሄዶ እዚያው ድርቅ ሲል አየ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባው። ሁለት እርምጃ ወደፊት ራመድ ብሎ «ገጹ ተዛብቶ ነው» ቢል ይበቃ ነበር። አላለም። በአዲሱ እትሙ አፍሮ ይሁን ደንግጦ፣ ራሱም አያውቀውም።

«ዛሬስ ዓይኔ እምቢ አለኝ» አሉና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራ አልተመለሱም።

በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊው የድሮውን እትም ከመጋዘን አስወጥቶ ቤታቸው ሄደ። ልብስ እያጣጠፉ ነበር። ወንበር ሰጡት።

«ይመለሱልኝ እማማ። በእርስዎ ቦታ የተተካችው ልጅ ታነባለች፣ ሰው ያዛጋል። የድሮውን አምጥቼልዎታለሁ።»

«ለሷ ስጣት። ደህና ልጅ ናት።»

«በስብሰባ ፊት እናገራለሁ። ገጹን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ።»

«ብለህስ?» ያጣጠፉትን ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ገጽ ቢቀየር ማንበብ የሚችል ሰው ምን ይሆናል? ይሄን ማንም ይጠይቅሃል። አሁን ግማሹ አርጅታ ነው ይላል፣ ግማሹ ቀልድ መስሎታል። ልጄ እንኳ መነጽር እንግዛልሽ እያለችኝ ነው። እንደዚያው ይቅር።»

«ማንበብ እኮ እኔ ራሴ...»

«አውቃለሁ፣ ታስተምረኝ ነበር። ያን ዕለት ቢሮህ ገብቼ ለምን ፈለጉት ብትለኝ እነግርህ ነበር፤ ልነግርህ ብዬ ነው የመጣሁት።» ሸሚዙን መልሰው አነሱ። «ሰው ከጠየቀህ ዓይኗ ነው በል።»

ደብተሩን ታቅፎ ወጣ። በቀጣዩ ሳምንት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ልጇን ልታደርስ የመጣች እናት አስቆመችው።

«ዶክተር፣ እማማ ሳሙናን የት ደበቃችሁብን?»

«ዓይናቸውን አሟቸው ነው።»

«ውይ! መነጽር ቢያደርጉስ?»

«መነጽር አይረዳቸውም» አለ።

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች፣ «እግዜር ይማራቸው» ብላ ሄደች። እሱ የተተካችው ልጅ ድምፅ ወደሚሰማበት ክፍል ገባ። ልጅቷ ጽሑፉን አንድ በአንድ፣ ሳትሳሳት እያነበበች ነበር። ከኋላ ወንበር ያዘና የሚያንቀላፉትን ወላጆች እያየ እስከ መጨረሻው ገጽ ተቀመጠ።