ኔትወርክ የማይጠይቅ ባሕረ ሐሳብ

ቅዳሜ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ጎንደር፣ አዘዞ በሚገኘው በመሪጌታ ሐብተ ማርያም ቤት ሦስት ሰዎች ነበርን፤ የባሕረ ሐሳብ መምህሩ መሪጌታ፣ ከሳንጃ በኩል የመጣው ዲያቆን ምንይችልና እኔ ህሩይ።

ዲያቆኑ አሮጌ ላፕቶፕ ይዟል። እኔ ሃስኬል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍሁት የኮድ ላይብረሪ በዓላትንና አጽዋማትን አስልቶ ያወጣል፤ ሁለት ዓመት ደክሜበታለሁ። በዚህ ላፕቶፕ ላይ ከሠራ ወደ ዲያቆኑ ደብር ይሄዳል፤ ካልሠራ እዚሁ ይቀራል። አውቶቡሱ የሚነሣው በአራት ሰዓት ነው። በዚያ ደብር ኔትወርክ የለም፤ እኛም ጋ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል።

ሥራዬን ከፍላሽ ገልብጬ፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር አስነሣሁት። «ሀፒ አልተገኘም» ብሎ ቆመ። ሀፒ የግእዝ ቁጥር የሚያነበውን ክፍል የሚያዘጋጅልኝ ሌላ መሣሪያ ነው። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ ስላለ፣ መኖሩንም ረስቼው ነበር፤ አሁን ደግሞ ያለ ኔትወርክ ማውረድ አይቻልም።

«ምነው ቆመ?» አለ ምንይችል።

«አንድ መሣሪያ ጎደለው።»

«ለእኛ የሚላክ ነገር መቼ ሞልቶ ያውቃል! ጎንደር ላይ ብቻ የሚሠራማ ምን ያደርግልናል?»

ፊቴ ጋለ።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። «መሣሪያው ምን ይሠራልህ ነበር?»

«ዓመተ ዓለሙን ያነብልኛል፣ የኔታ። የመጪውን ዓመት፣ ፸፭፻፲፯ን።»

ሳቁብኝ። «ለዚህ ነው እንግዳ የጠራኸው? ከግራ ጀምር እንጂ ልጄ! ሰባ ያዝ። አምስት ጨምር። መቶ ሲመጣ የያዝኸውን በእሱ አባዛው። ዐሥር ጨምር፣ ሰባት ጨምር። አለቀ!»

እየያዙ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድን ሃስኬል በራሱ ያውቃል። ለሀፒ የጻፍሁትን ገጽ ሙሉ ሰርዤ ያንኑ በስድስት መስመር ጻፍሁት። ከኮምፓይለሩ ጋር አብሮ ከሚመጣው በቀር ማንንም አልጠራሁም።

ኮምፓይለሩ ያለ አንዲት ስሕተት ጨረሰ። መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ።

«መጥቅዕ?» አሉ፣ የበዓላቱ ስሌት የሚነሣበትን ቁጥር ሲጠይቁ።

«ሃያ ዘጠኝ» አልሁ ከላፕቶፑ እያነበብሁ።

«ጾመ ነነዌ?»

«የካቲት ሦስት።»

«ትንሣኤስ?»

«ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት።»

ዐይናቸውን ገለጡ። «አንዲት ቀን አልሳተም!»

«ሸጋ! ኧረ ሸጋ ነው!» ምንይችል ብድግ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። «ሀፒ የሚሉት ሰውዬ ጎንደር ይቀመጥ! እኛ አንፈልገውም!»

እኔም፣ ሰው ፊት ድምፄ የማይሰማው፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት በምንይችል ደብር ከዚያ ላፕቶፕ ተነበቡ።